የሐረሩ ራስ መኮንን፦ ስለ ኬላ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ወሰን



ከመካከላችሁ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻግሮ፣ ከዚያም በማላባ ወይም በቡሲያ አድርጎ እዚህ ኪዋቱሌ የደረሰ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ እንዲነገረው አያስፈልገውም። ወታደሩ ወረቀት ይጠይቃል፤ የጉምሩኩ ሰው ሻንጣ ያስፈታል። ፍየሉ ግን ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ይግጣል፤ ማንም ምንም አይለውም። ልጆች በዚህ ነገር ደጋግመው ይጠይቁናል። ያንን መስመር ማን አሰመረው? መቼ? እዚያ የሚኖረውን ሰውስ የጠየቀው አለ ወይ? ይላሉ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚህ ሥራ ውስጥ ገብተው ዕድሜያቸውን ስላሳለፉ አንድ ኢትዮጵያዊ ሰው ሕይወት ብንነግራችሁ መልሱ በከፊል ይገኛል ብለን አስበናል። ሰውየው ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት በመሆናቸው ነው፤ ወይም በአድዋ ዘመቻ ስማቸው ሲጠራ ሰምታችኋል። እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይነገርላቸው ሥራ፣ ስለ ኬላ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ወሰን ውል ነው። ዘመኑን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ራስ መኮንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ፣ እናታቸው ደግሞ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። ስለዚህ ለምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው ማለት ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ምኒልክ ቤት ገብተው እዚያው አደጉ፤ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት፣ ማን መቼ እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል በዚያ ተማሩ። ይህ ትምህርት ኋላ ከፈረንጅ ጋር ሲቀመጡ ከጦር ትምህርት ያላነሰ ጠቀማቸው።

ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፣ ከተማይቱን እንዲያስተዳድሩ የሾሙት መኮንንን ነበር። ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስት ገደማ ነው። ሐረር ከዚያ በፊት ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብፆች እጅ ነበረች። በግንብ የታጠረች የነጋዴ ከተማ ናት። ሕዝቧ የራሱ ቋንቋና የራሱ ሕግ ያለው እስላም ነው፤ አዲሶቹ ገዢዎች ደግሞ ከደጋ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ድሉ ለሸዋ ድል ነው፤ ለሐረር ሰው ግን የነጻነቱ መጨረሻ ነበረ። ይህንንም ሳንነግራችሁ አናልፍም።

አሁን ካርታ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከሐረር ወደ ሰሜን ወርዶ ጊልዴሳ የሚባል ቦታ አለ። ከሐረር እስከ ጊልዴሳ ዕቃ የሚጫነው በበቅሎና በአህያ ነበር። ከጊልዴሳ በኋላ ቆላው ይጀምራልና ጭነቱ ወደ ግመል ይዛወራል፤ ግመሉም በኢሳዎች አገር አልፎ ዘይላ ባሕር ዳር ይደርሳል። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በዚህ መንገድ ይወርዳል። ጨርቁና ጠመንጃው በዚሁ መንገድ ይወጣል። በዘይላ ላይ ግን የተሰቀለው የእንግሊዝ ባንዲራ ነው። ከዘይላ ጥቂት ራቅ ብሎ ፈረንሳይ ጅቡቲን መሥራት ጀምራለች። ኢጣልያ ደግሞ በአሰብና በምጽዋ ተቀምጣለች። እንግዲህ መኮንን የሚያስተዳድሩት አገር ሀብቱ ሁሉ የሌላ ሰው በር እያለፈ የሚሄድ አገር ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው ሲፈልግ ይከፍታል፤ ሲፈልግ ይዘጋል፤ ሲፈልግ ቀረጥ ይጨምራል።

ለዚህም ነው የሐረር ገዢ ከጦር አዝማችነቱ ይልቅ የኬላ ሹምነቱ የሚበዛው። መኮንን ከግሪኩ፣ ከአርመኑ፣ ከሕንዱ፣ ከፈረንሳዩ ነጋዴ ጋር በየቀኑ ይነጋገሩ ነበር። ከእነዚያ ነጋዴዎች አንዱ አርቱር ሬምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በወጣትነቱ የጻፈው ግጥም በአገሩ ዝነኛ አድርጎታል፤ ሐረር ውስጥ ግን ቡናና ጠመንጃ የሚነግድ ሰው ሆኖ ነው የታወቀው። በ1879 ለምኒልክ የሸጠው ጠመንጃ ሂሳቡ ሐረር ላይ ከመኮንን እንዲከፈለው ታዞለት ነበር። የሐረር ግምጃ ቤት ምን ያህል እንደሚፈለግ ከዚህ ትረዳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ በወሎ ውጫሌ ላይ ውል ተፈራረሙ። ስለ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ሁላችሁም ተምራችኋል፤ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይቻላታል ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ነበር የጻፈው። ከዚህ አንቀጽ ውጭ ያለው ብዙ ጊዜ አይነበብም። ውሉ ስለ ቀረጥም ይናገር ነበር፤ ከምጽዋ የሚመጣ ወይም ወደ ምጽዋ የሚሄድ ነጋዴ በኢትዮጵያ ምድር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዕቃው ዋጋ ከመቶ 8 እንዲከፍል ይላል። ስለ ዳኝነትም ይናገራል፤ ኢጣልያዊ በኢትዮጵያ ውስጥ ወንጀል ሠርቶ ቢከሰስ የሚፈርደው የምጽዋ የኢጣልያ ሹም ነው። ኢጣልያዊና ኢትዮጵያዊ ቢካሰሱም ጉዳዩ የሚታየው በዚያው ሹም ፊት የኢትዮጵያ ተወካይ ባለበት ነው። ይህ ማለት ኢጣልያዊው በሰው አገር ሲዘዋወር ዳኛውን በጀርባው አዝሎ ይዞራል ማለት ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ምኒልክ ወደ ኢጣልያ መልእክተኛ ላኩ። የተላኩት ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት መኮንን ናቸው። አንቶኔሊ አብሯቸው ሄደ፤ ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤም በአስተርጓሚነት ተከተሏቸው። በነሐሴ 1881 ኢጣልያ ገቡ፤ ንጉሥ ኡምቤርቶ ተቀበሏቸው። ፋብሪካ፣ የጦር መርከብ፣ መድፍ አዩ። ክብሩና ድግሱ ብዙ ነበር።

ከድግሱ በኋላ ወረቀቱ መጣ። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ናፖሊ ላይ መኮንንና የኢጣልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ተጨማሪ ውል ፈረሙ። ይህ ውል ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው ብድር ነው። ምኒልክ 4 ሚሊዮን ሊሬ ከኢጣልያ ባንክ ይበደራሉ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። ክፍያው ቢቋረጥ ኢጣልያ በሐረር ኬላ አስተዳደር ላይ እጇን የምታስገባበት በር ተከፈተ። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። መኮንን በባዕድ አገር ተቀምጠው ያስያዙት እርሳቸው ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን ከተማ ኬላ ነው። ሁለተኛው የወሰን ነገር ነው። ውሉ ወሰኑ በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ወገን በያዘው ይዞታ መሠረት እንዲስተካከል ይላል። ልክ ይመስላል። ነገር ግን መኮንን በመንገድ ላይ ሳሉ የኢጣልያ ጦር ከረንንና አስመራን ይዞ ነበር። ይዞታ በሚለው በዚያ አንድ ቃል ኢጣልያኖች ከውጫሌው መስመር አልፈው እስከ መረብ ለመድረስ መብት አለን አሉ።

የከፋው ደግሞ ከዚህ በኋላ መጣ። መኮንን ገና ከኢጣልያ ሳይወጡ ክሪስፒ ያንን አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ፤ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ናት ተባለ። እንግዳው በክብር ተቀምጦ ሳለ አገሩ በደብዳቤ ተወሰደበት ማለት ነው።

መኮንን በዚህ ተወቃሽ ናቸው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁን፣ በከፊል አዎን እንላለን። ሰነዱን የፈረሙት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን የፈረንጅ ቋንቋ የማያነብ ሰው፣ በጥቂት አስተርጓሚ ተደግፎ፣ በሰው አገር ተቀምጦ ከአንድ ትልቅ መንግሥት ጠበቆች ጋር ሲዋዋል ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይችላል? ከእናንተም ወላጆች ውስጥ በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ቅጽ ላይ የፈረማችሁ ብዙ ናችሁ፤ ነገሩ ይገባችኋል።

ሲመለሱ ራስ ተባሉ። ምኒልክም ዝም አላሉም። በ1883 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ወሰን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለአውሮፓ ነገሥታት ላኩ። እዚህ ላይ ለእናንተ ለካምፓላ ልጆች የሚገርም ነገር አለ፤ ምኒልክ በዚያ ደብዳቤ የጥንቱን ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ ለመመለስ እንደሚጥሩ ጽፈው ነበር። ኒያንዛ ዛሬ ቪክቶርያ የምንለው፣ በፖርት ቤል የምታዩት ሐይቅ ነው። እዚህ ድረስ አልደረሱም፤ ለቡጋንዳ ንጉሥም የነገረው ያለ አይመስለንም። ያን ጊዜ ሁሉም በካርታ ላይ ይመኝ ነበር፤ ልዩነቱ አውሮፓውያኑ እርስ በርሳቸው ሲፈራረሙ ምኞታቸው ሕግ ይሆናል፤ የአፍሪካዊው ንጉሥ ምኞት ግን ምኞት ሆኖ ይቀራል። ምኒልክ ያንን ለመቀየር ነበር የሚጽፉት።

ከዚያም ብድሩ ተከፈለ፤ በየካቲት 1885 ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የሐረር ኬላ ከመያዣነት ወጣ።

ጦርነቱን በአጭሩ እንለፈው፤ በሌላ ትምህርት ትማሩታላችሁና። በኅዳር 1888 ራስ መኮንን በግንባር ቀደምነት ዘምተው አምባላጌ ላይ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ደመሰሱ። መቀሌ ላይ በምሽግ የነበረውን የጋሊያኖን ጦር ከበቡ፤ ውኃ ያጣው ምሽግ በጥር ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ኢጣልያ ተሸነፈች። ከስድስት ዓመት በፊት ናፖሊ ላይ የፈረሙት ሰው በጦር ሜዳ መልሰው ፈረሙ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ከአድዋ በኋላ አዲስ አበባ በመልእክተኛ ተጥለቀለቀች። በ1889 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢጣልያ ነጻነትን የሚያውቅ የሰላም ውል ፈረመች። በመጋቢት የፈረንሳዩ ላጋርድ የጅቡቲን ወሰን ተዋዋለ። ቀጥሎ ከካይሮ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ መጣ። የመጣበት መንገድ ያው የጠቀስንላችሁ ነው፤ ዘይላ፣ ጊልዴሳ፣ ሐረር።

እንግሊዝ ለምን ቸኮለች? በሱዳን የማህዲስቶች መንግሥት ገና አልወደቀም፤ እንግሊዝና ግብፅ ጦር አዝምተውበታል። ምኒልክ ከማህዲስቶች ጋር እንዳይተባበሩ ፈርታለች። ስለዚህ ሮድ በሱዳን በኩል ዋስትና ለማግኘት በሶማሌ በኩል መሬት ለመስጠት ዝግጁ ሆኖ ነው የመጣው። ይህን አስታውሱ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ግንቦት 7 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ ውሉ ተፈረመ። ከዘይላ በጊልዴሳ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ለሁለቱም አገር ንግድ እስከ ዳር ክፍት ይሆናል። በቀረጥ በኩል እንግሊዝ ኢትዮጵያ ለሌላ አገር ከምትሰጠው ያነሰ አይደረግባትም። ለኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት የሚውል ዕቃ ንጉሠ ነገሥቱ ሲጠይቁ በዘይላ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ለምኒልክ የሚመጣ መሣሪያም በእንግሊዝ ግዛት እንዲያልፍ ተፈቀደ። ምኒልክ በበኩላቸው መሣሪያ ወደ ማህዲስቶች እንዳያልፍ ለመከላከል ቃል ገቡ። ወሰኑ ግን አዲስ አበባ ላይ አልተጻፈም። ሮድ ወደ ሐረር ተመልሶ ከራስ መኮንን ጋር እንዲጨርስ ተተወ።

ምኒልክ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን አገር እያንዳንዱን ጉድጓድ፣ የትኛው ጎሣ በየትኛው ወር የት እንደሚሰፍር፣ የትኛው ኮረብታ መንገድ እንደሚያይ የሚያውቀው የሐረር ገዢ ነው። የመኮንን ሰዎች እስከ ቢዮ ካቦባ ድረስ ወርደው ሰፍረው ነበር። እዚያ ላይ የተቀመጠው ከስምንት ዓመት በፊት ናፖሊ የተቀመጠው መኮንን አልነበረም። አሁን በራሱ ከተማ ነው፤ እንግዳው ሌላው ነው፤ ይዞታ የሚለውም ቃል አሁን ለእርሱ ያደላል።

ክርክሩ ከባድ ነበር። በመጨረሻ ግንቦት 28 ቀን 1889 ሁለቱ ደብዳቤ ተለዋወጡ። መስመሩ ከባሕሩ አጠገብ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ አስቀድመው በ1880 ከተስማሙበት ነጥብ ይነሣና የግመል መንገዱን ተከትሎ ወደ ደጋው ይመጣል፤ ከዚያ በኮረብታ ላይ ኮረብታ እየዘለለ 44 ዲግሪ ምሥራቅና 9 ዲግሪ ሰሜን የሚገናኙበት አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ኮረብታም ጉድጓድም የለም፤ በቀጥታ መስመር 47 ዲግሪ ምሥራቅና 8 ዲግሪ ሰሜን ወደሚገናኙበት ነጥብ ይሄዳል። አትላስ ያለው ሰው ማስመሪያ አምጥቶ ይሞክረው። አገር በማስመሪያ ሲቆረጥ ይህን ይመስላል። በማስመሪያው በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ያለው፣ እንግሊዝ የእኔ ስትለው የነበረው የሐውድ ግጦሽ ትልቁ ክፍል ለኢትዮጵያ ሆነ።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታነቡት የምንፈልገው አንቀጽ መጣ። ደብዳቤዎቹ ከመስመሩ በዚህም በዚያም ያሉ ጎሣዎች በሌላው በኩል ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ ፈቀዱ። በአቅራቢያቸው ወዳለው የውኃ ጉድጓድ መሄድም አይከለከሉም። በሚዘዋወሩበት ጊዜ ግን የሚዳኙት በገቡበት ምድር ሹም ነው። ከውጫሌ ጋር አስተያዩት። በውጫሌ እንግዳው ዳኛውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ በሐረሩ ግን ዳኝነት የመሬቱ ሆነ። ከብትና ሰው ያልፋል፤ ሕግ አያልፍም። ይህንን ሰነድ የጻፉት ሰዎች የኑሮውን ነገር ጨርሶ አልረሱትም፤ ዝናብ ወሰን እንደማያውቅ ገብቷቸዋል።

ይሁን እንጂ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበረ ሰው አለ። ሶማሌው። የኢሳ፣ የገደቡርሲ፣ የሀበር አወል ሽማግሌዎች ከ1876 ጀምሮ ከእንግሊዝ ጋር የጥበቃ ውል ተፈራርመው ነበር። እንግሊዝ እንድትጠብቃቸው ነበር የተዋዋሉት፤ መሬታቸውን ለሌላ እንድትሰጥ አልነበረም። ሮድ ግን ያልጠየቃቸውን ሰዎች ግጦሽ ለሱዳን ጉዳይ ለወጠው። በውሉ ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ሶማሌዎች በመልካም እንዲተዳደሩ እንግሊዝ ጠየቀች፤ ምኒልክም ቃል ሰጡ። ቃሉ ግን ቃል ነው። ለከብትና ለግብር ወደ ኦጋዴን የሚወርደው ዘማች ሕዝቡን አስመርሮት ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ሲነሣ እንግሊዝንም ኢትዮጵያንም ነው የወጋው። እኛ ኢትዮጵያውያን ኢጣልያ ሳትጠይቀን ወሰን አበጀችብን ብለን ስንማረር፣ እኛም በሐረር ያልጠየቅነው ሰው እንደነበረ ማወቅ አለብን። በክፍላችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሶማሌ ልጆች ካሉ ይህንኑ ታሪክ ከወላጆቻቸው በሌላ በኩል ሰምተውት ይሆናል፤ ብትጠያየቁ ጥሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የራስ መኮንንን ሕይወት ፈጠን ብለን እንንገራችሁ። በ1890 ወደ ምዕራብ ቤኒሻንጉል ዘመቱ። ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከሸፈቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ትግራይን አስተዳደሩ። በ1894 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ምኒልክን ወክለው ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ሐረር ውስጥ ሐኪም ቤት አቆሙ። የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያንም የተከሉት እርሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ በ1886 ስለሞቱ ልጃቸውን ተፈሪን ያለ እናት አሳደጉ። ልጁ በሐረር የፈረንሳይኛ መምህር ተቀጠረለት። ናፖሊ ላይ በአስተርጓሚ ብቻ ተደግፈው የፈረሙ አባት ይህን ቢያደርጉ ምን ይገርማል?

የቀረጡም ነገር መልኩን እየለወጠ ሄደ። በ1886 ለስዊሱ ኢልግና ለፈረንሳዩ ሸፍኔ የተፈቀደው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ናትና ባቡሩ አልወጣላትም። ግመሉ ሥራ ፈታ፤ ዘይላ ደኸየች፤ ጊልዴሳም ሰው የሚያልፍባት እንጂ የሚያርፍባት መሆኗ ቀረ። ያ ሁሉ የተደከመበት የዘይላ መንገድ ውል ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው በብረት መንገድ ተበለጠ።

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ወጡ። ታመው ነበር። ቁልቢ ላይ ሕመሙ ጸናባቸውና በመጋቢት ወር እዚያው ዐረፉ። ሐረር በቅዱስ ሚካኤል ተቀበሩ። ልጃቸው ተፈሪ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት የደጅአዝማችነት ማዕረግ ሰጥተውት ነበርና ቶሎ መሾማቸው ልባቸው ስለነገራቸው ይሆን እንላለን።

ከሞቱ በኋላ የሆነውን ነገር ብንተው ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። በ1899 መጀመሪያ፣ ሞታቸው ዓመት ሳይሞላው፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ላይ ተሰብስበው ኢትዮጵያን በተጽዕኖ ክልል የሚከፋፍል ስምምነት አደረጉ፤ ምኒልክን ያማከረ የለም። በ1900 ፈረንሳይ በክሎቡኮውስኪ ውል በዕቃዋ ላይ ቀረጡ ከመቶ 10 እንዳያልፍ አስደረገች፤ በፈረንሳውያን ጉዳይ የቆንስል ዳኝነትም ገባ። ዳኛውን በጀርባ አዝሎ መዞር ተመለሰ ማለት ነው። የሞያሌው መስመርም የተወለደው ያን ጊዜ ነው። በኅዳር 1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካና ከኡጋንዳ ጋር የምትዋሰንበት ውል ተፈረመ። አዎን፣ ከኡጋንዳ። በሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም በቱርካና በኩል ያለው አገር እስከ 1918 ድረስ በኡጋንዳ ሥር ስለነበረ እናንተ ዛሬ የምትኖሩበት አገርና አገራችን ጎረቤቶች ነበሩ። ኋላ እንግሊዝ ያንን ምድር ለኬንያ ሰጠችው፤ ጉርብትናው ቀረ።

የሐረሩ መስመር በመሬት ላይ የተተከለው ደግሞ ከ1924 እስከ 1926 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ኮሚሲዮን ኮረብታ ለኮረብታ እየዞረ ምልክት አቆመ። ኮሚሲዮኑ ወሰኑን ከጨረሰ በኋላ የግጦሹን ነገር ለማጣራት፣ ማለትም ራስ መኮንንና ሮድ የተስማሙበትን የጉድጓድና የሣር መብት መሬት ላይ ለማየት ወደ ኦጋዴን ወረደ። በኅዳር 1927 ወልወል ከሚባለው የውኃ ጉድጓድ ሲደርስ የኢጣልያ ወታደር ተቀምጦበት አገኘ። ቦታው በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ነበር። እንግሊዞቹ ተቃውሞ ጽፈው ፈቀቅ አሉ፤ ኢትዮጵያውያኑ ቆዩ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ያን ጊዜ ዙፋን ላይ የነበሩት የመኮንን ልጅ ናቸው። ኢጣልያ ካሣና ይቅርታ ጠየቀች፤ ነገሩ ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቀረበ፤ ዓመት ሳይሞላው በመስከረም 1928 የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ከድሉ በኋላም እንግሊዝ ሐውድን ቶሎ አልለቀቀችም። በ1947 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተፈረመ ስምምነት የ1889ኙ መስመር እንደገና ጸደቀ፤ ግጦሹም እንደገና ተፈቀደ። ያን ጊዜ የሶማሌ ሽማግሌዎች ወደ ለንደን ሄደው፣ አያቶቻቸው ከእንግሊዝ ጋር ያደረጉትን ውል ጠቅሰው ተከራከሩ። መልሱ ያሳዝናል፤ ጊዜው አልፏል፤ አንዴ የተፈረመ ተፈርሟል ተባሉ።

ዛሬ ከጅጅጋ ወደ ሐርጌሳ የሚሄድ ሰው በዚያ መስመር ላይ ቶጎ ውጫሌ የሚባል ከተማ ያገኛል። ከወሎው ውጫሌ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ኬላ አለው፤ ጉምሩክ አለው፤ ጫት የጫነ መኪና ወዲያ ይሄዳል፤ ሩዝና ጨርቅ ወዲህ ይመጣል። ዝናቡ ሲዘንብም ከብቱ ሣር ወዳለበት ይሻገራል።